ከቤተ መንግሥት እስከ ኮልፌ ግቢ፦ የጥቃቅን ውሾች አያያዝና ሥልጠና በአዲስ አበባ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የአዲስ ዓመት በዓል ገና ሳይፈጸም፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። የፊልሙ መሠረት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለአገሩ ተመልካቾች ያቀረበው የወሎ ረሃብ ዘገባ ሲሆን፣ ደርግ በመካከሉ ሌሎች ሥዕሎች አስገብቶበት ነበር። በአንድ በኩል በረሃብ የከሱ ሕፃናትና እናቶች፣ በሌላ በኩል የቤተ መንግሥት ግብዣና ሻምፓኝ፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ከብር ሳህን ላይ ሥጋ እያነሡ ለውሾቻቸው ሲሰጡ ይታይ ነበር። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ።

በአገራችን ታሪክ ውሻ በመንግሥት ለውጥ ዋዜማ እንደ ምስክር የተጠራበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። የተጠራው ግን ስለ ራሱ እንዲመሰክር አልነበረም። እስከዚያ ምሽት ድረስ የባለቤቱ ክብር ጌጥ ነበር፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ የባለቤቱ ኃጢአት ማስረጃ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የታየው ሳህኑና ሳህኑን የያዘው እጅ እንጂ ከሳህኑ የበላው እንስሳ አይደለም። ይህ አመለካከት ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውስጥ ታጥሮ አልቀረም። ዛሬም በኮልፌ ቀራንዮ ግቢዎችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ በሚገኙት ጥቃቅን ውሾች አያያዝ ላይ ጥላው ይታያል። ስለዚህ የእነዚህን ውሾች አያያዝና ሥልጠና ለመረዳት የሚፈልግ ባለሙያ ከታሪኩ ቢነሣ ይጠቀማል።

ከቤተ መንግሥቱ ውሾች ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ስሙ ጎልቶ የሚታወሰው ሉሉ ነው። ሉሉ ቺዋዋ በሚባለው ዘር ስም የሚታወቅ እጅግ ትንሽ ውሻ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. የንግሥ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ በሆነው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር የማይለይ ነበር። በውጭ አገር ጉዞም ይከተላቸው ነበር፤ በ1959 ዓ.ም. ወደ ካናዳ በሄዱ ጊዜ አብሯቸው ተጉዟል። ንጉሠ ነገሥቱ ትንሹን ውሻ አቅፈው ወይም አጠገባቸው አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ በአገር ውስጥም በውጭም ታይቷል።

ከንጉሠ ነገሥቱ ውድቀት ጥቂት ዓመታት በኋላ ፖላንዳዊው ጸሐፊ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ይኸው ውሻ እንደገና ብቅ ይላል። በዚያ ትረካ መሠረት ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና ነበር፤ መኳንንቱም ንቅንቅ ሳይሉ ይቆሙ ነበር፤ ጫማቸውን በጨርቅ የሚያደርቅ አሽከርም ተመድቦ ነበር። መጽሐፉ ምስክሮቹን በስም የማይጠራ በመሆኑ፣ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ የሚያውቁና የታሪክ ባለሙያዎች እውነተኛነቱን አጥብቀው ተከራክረውበታል። ለእንስሳት ሐኪም ግን አንድ ትንሽ ነጥብ ትታየዋለች። ጸሐፊው ውሻው የጃፓን ዘር ነው ይላል። በሌሎች ዘንድ የሜክሲኮ ዘር የሆነው ቺዋዋ ነው። በዓለም ዙሪያ የተወራለት ውሻ ዘሩ እንኳ በአንድ ቃል አልተነገረለትም ማለት ነው። ምን ያህል ይመዝን እንደ ነበር፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላ እንደ ነበር፣ ደጅ መውጣትን ማን እንዳስተማረው፣ ሲታመም ምን ይደረግለት እንደ ነበር ከሚወሩት ታሪኮች ውስጥ አይገኝም። የጫማው ወሬ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ባለሙያ የሚያነብበው የመኳንንቱን ውርደት ብቻ ሳይሆን ደጅ መውጣትን በሚገባ ያልተማረ ውሻንም ነው።

ቺዋዋ ስሙን ያገኘው በሰሜን ሜክሲኮ ከሚገኘው ቺዋዋ ክፍለ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አሜሪካውያን ተጓዦች ከዚያ እየገዙ ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ የአሜሪካው የውሻ ዘር መዝጋቢ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1908 ዘሩን ተቀበለ። በዚሁ ማኅበር ደረጃ መሠረት ክብደቱ ከ2.7 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ያህል ማነስ የሰው ቅንጦት የፈጠረው አዲስ ነገር አድርጎ ይገምታል። ሳይንስ ያገኘው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች የትንንሽ ውሾችን ቁመና ከሚወስኑት ዋና ዋና የዘር ምክንያቶች አንዱ ዕድገትን በሚያዝ አንድ ጂን ላይ እንደሚገኝ አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከዚሁ ጂን ጋር የተያያዘው የትንሽነት ምልክት ከ50,000 ዓመታት በፊት በኖረ ተኩላ አጥንት ውስጥ ተገኘ። ሰው መርጦ አበዛው እንጂ ትንሽነት ከተኩላ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ስለዚህ በሁለት መዳፍ የሚታቀፈው ቺዋዋ በጠባዩም በአካሉም ሙሉ ውሻ ነው።

የእኛ ሙያ ይህን ውሻ ዘግይቶ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና የተወለደው በበሬና በላም ሞት ውስጥ ነው። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቷል። በ1950ዎቹ በደብረ ዘይት የተቋቋመው የክትባት ማምረቻ፣ በ1972 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ፣ በየገጠሩ የተሰማራው የክትባት ቡድን ሁሉ ዓይኑ በዚህ ጠላት ላይ ነበር። ድካሙም ፍሬ አፍርቶ በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መላው ዓለም ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ። ለአራሽ በሬ በተሰናዳ ሙያ ውስጥ 2 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ቦታ ቢያጣ አያስደንቅም።

ውሻ በሙያው ታሪክ ውስጥ የገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1876 ዓ.ም. በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ፣ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ የበሽታው ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል። ከኮልፌ አጎራባች በሆነው በጉለሌ የሚገኘውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ተቋም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ያመርት ነበር፤ የተነከሰ ሰውም በተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ መርፌ ይወጋ ነበር። ያንን መርፌ የቀመሰ ወይም ሲወጉበት ያየ የከተማ ልጅ ውሻን በፍርሃት ቢመለከት አይፈረድበትም። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ እንደ መሆኑ፣ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ውሻ ለሐኪሙ የአደጋ ተሸካሚ፣ ለባለቤቱ ዘበኛ፣ ለቤተ መንግሥቱ ጌጥ ሆኖ ሲቆጠር፣ እንደ ሕመምተኛ የሚመለከተው ጥቂት ሰው ሆነ።

ኮልፌ በዓለም ታሪክ የሚጠቀሰው በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና በወሰዱበት የፖሊስ ካምፕ ነው። የዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአሮጌዎቹ የኮልፌ መንደሮች እስከ አየር ጤናና ቤቴል የተዘረጋ ሰፊ የምዕራብ አዲስ አበባ ክፍል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱም እርጥብ ነው። የቆርቆሮ አጥር ባለው ግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ይለቀቃል፤ ቤት ጠባቂ ነው፣ ማደሪያውም ደጅ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ጅብ ሌሊት የሚዘዋወር በመሆኑ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም።

ትንሹ ውሻ ወደዚህ ግቢ ሲገባ የሚጠብቁት ሁለት ስሕተቶች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ትልቁ ውሻ መቁጠር ነው፤ ደጅ ይታሰራል፣ የተረፈ ወጥ ይሰጠዋል፣ በትልልቆቹ መካከል ይለቀቃል። ሁለተኛው እንደ አሻንጉሊት መቁጠር ነው፤ ከእቅፍ አይወርድም፣ ምንም አይማርም፣ ያማረውን ሁሉ ይጎርሳል። የመጀመሪያው ከድህነት፣ ሁለተኛው ከሀብት የመጣ ይመስላል። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም የውሻውን አካል አይመለከቱም።

አካሉን ለሚመለከት ሰው ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በዕረፍት ጊዜ በቀን ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ ሲያስፈልገው፣ 2 ኪሎ የሚመዝነው ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። በድምሩ ትንሽ ነው፤ በአንድ ኪሎ አካል ሲሰላ ግን ትንሹ ውሻ ከትልቁ እጥፍ ያህል ይፈጃል። ምክንያቱ ከአካሉ መጠን አንጻር የቆዳው ስፋት ከፍተኛ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ የሚያመልጥ መሆኑ ነው። የሚያከማቸው ኃይል ደግሞ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የዚህ ዘር ቡችላ ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ወይም ብርድ ቢመታው የደሙ ስኳር ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል፣ ብሎም ያንፈራግጠዋል። የደጅ ውሻ ማለዳና ማታ መብላት ሊበቃው ይችላል፤ ቡችላው ቺዋዋ ግን በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መመገብ አለበት። ሲዝል ጥቂት ማር ወይም የስኳር ውኃ ድዱ ላይ መቀባት ወደ ሐኪም እስኪደርስ ሕይወቱን ሊያቆይ ይችላል። ማደሪያውም ቤት ውስጥ፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ መሆን ይገባዋል።

በአበሻ ማዕድ ቤት ውስጥ የተሰወረው ትልቁ አደጋ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ በአንድ ኪሎ አካል ከ15 እስከ 30 ግራም ከበላ በደሙ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ታውቋል። ይህ መጠን ለ30 ኪሎው ውሻ ግማሽ ኪሎ ያህልና ከዚያም በላይ ሽንኩርት ነው፤ ለ2 ኪሎው ውሻ ግን ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ማለትም ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ያነሰ ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ በሽንኩርት ቁሌት ላይ የቆመ ነው፤ ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም። ትልቁ ውሻ በተረፈ ወጥ ፍትፍት ዓመታት ሲኖር ያየ ቤተሰብ፣ ትንሹ ውሻ ድዱ ነጥቶ ሽንቱ ሲጠቁር ምክንያቱን ሳይጠረጥር ይቀራል። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ በብዙ ቤት ሥጋና እንቁላል ከማዕድ ቤት ይጠፋሉ፤ የውሻው ድርሻም በሽንኩርት የተሠራ ሽሮ ይሆናል። ባለቤቱ ጾሙን ሳይሽር ለውሻው ለብቻ በተለየ ድስት እንቁላል ወይም ሥጋ ከሩዝ ጋር፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ቢቀቅልለት ጉዳዩ ይቃለላል። ጾም ለሰው የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለውሻ አይደለም።

አንገቱም እንደዚሁ ነው። በዚህ ዘር የአየር ቧንቧው ለስላሳ ሆኖ የመጣበብ ጠባይ ስላለው፣ በአንገት ማሰሪያ መጎተት እንደ ዝይ ድምፅ የሚመስል ሳል ያስከትላል፤ የሚስማማው ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ነው። የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው ይንሸራተታል፤ የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ቋሚው ይበቅላል፤ በብዙዎቹ አናት ላይ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቀራል። ከሶፋ መውደቅ ለትልቁ ምንም ሳይሆን ለእርሱ ስብራት ነው። እናቲቱም የቡችላዋ ራስ ከማሕፀን በር ሰፍቶ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና መውለድ ያቅታታል፤ ማስረገዝን እንደ ቀላል ገቢ ለሚያስብ ባለቤት ይህን አስቀድሞ መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ለሐኪሙም የተዘጋጀ ወጥመድ አለ። በመድኃኒት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ያለው መድኃኒት በአብዛኛው ለከብት የተሰናዳ ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት 1 በመቶ የሆነው ዓይነቱ ለከብት በየ50 ኪሎው 1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በዚሁ ስሌት 2 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ የሚደርሰው 0.04 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ጠብታ የሚያህል ነው። ይህን በከብት መርፌ በዓይን ግምት ለመለካት የሚሞክር እጅ ዐሥር እጥፍ ቢሳሳት አያስገርምም፤ ምልክቱም መንገዳገድ፣ ዓይን መታወር፣ ራስን መሳት ነው። ለበሬ ግማሽ ሚሊ ሊትር ስሕተት ሳይታወቅ ያልፋል፤ ለትንሹ ውሻ የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል። በክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ የሕፃን ሚዛንና 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ መኖር ከማናቸውም ውድ መሣሪያ ይቀድማል። የክትባቱ ነገር ግን በክብደት የሚለይ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለትንሹም ለትልቁም በሙሉ መጠኑ ይሰጣል። «ከቤት ስለማይወጣ አያስፈልገውም» የሚለው ክርክር በአዲስ አበባ አያዋጣም፤ የግቢ በር ባንድ ጊዜ ተከፍቶ ይቀራልና።

ሥልጠናውም ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው። ቡችላ ዓለምን በድፍረት የሚለምድበት ዕድሜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አሜሪካውያኑ ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ታላቅ ጥናት አረጋግጠዋል። በዚህ ጊዜ የልጆችን ጩኸት፣ የእንግዳን ጫማ፣ የዝናብን ድምፅ በቆርቆሮ ላይ፣ የቡና ሙቀጫን ምት በሰላም የሰማ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥም። እንደ አሻንጉሊት ከእቅፍ ያልወረደ ግን ሁሉም ነገር ከበላይ የሚመጣበት ጠላት ይመስለዋል፤ ይጮኻል፣ ይነክሳል። ትልቁ ውሻ ሲያጉረመርም ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ትንሹ ሲያጉረመርም ሁሉም ይስቃል። በሳቅ ያደገ ውሻ ማስጠንቀቂያው ዋጋ እንደሌለው ይማርና በቀጥታ ወደ ንክሻ ይሄዳል። ይህን ያስተማረው ሰው ነው።

ፊኛው ትንሽ ስለሆነ ቡችላው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላና ከተጫወተ በኋላ ወዲያውኑ ወደ ተወሰነ አንድ ቦታ መወሰድ አለበት፤ በክረምት ጭቃና ብርድ ስለሚጠላ ቦታው ከበረንዳ ጣሪያ ሥር ቢሆን ይመረጣል። በትክክለኛው ቦታ ሲሸና ወዲያው ምስጋናና ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ የሥጋ ቅንጣት ይሰጠዋል። አፍንጫውን በሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ከጌታው መደበቅን ብቻ ነው። ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አይበልጥ፤ አስተማሪው ቆሞ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ያስተምር። «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ቆይ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በሚገባ ያወቀ ትንሽ ውሻ ከመኪና ጎማ፣ ከትልቅ ውሻ አፍና ከልጅ እግር ይድናል። ለሽልማት የሚሰጠው ቅንጣት ሁሉ ከቀኑ ምግብ ላይ ተቀናሽ ይሁን፤ ለ2 ኪሎ አካል ጥቂት ጉርሻ ሙሉ ማዕድ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመስከረም 1 ቀኑ ጥያቄ መልስ ይሻል። ሰው በሚራብበት አገር ለእንዲህ ያለ ውሻ መጨነቅ ይገባልን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በወሎና በትግራይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ባለቀበት ዘመን የተጠየቀ ነው፤ ተቆጥቶ የጠየቀውም ሕዝብ እውነት ነበረው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። 2 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተዘዋውሮ ለመዋል በቀን የሚፈልገው ኃይል ወደ 190 ኪሎ ካሎሪ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ሙሉ እንጀራ አይበልጥም። ወሎን ያስራበው ውሻ የበላው ሥጋ አልነበረም፤ ድርቁ፣ የመሬት ሥሪቱ፣ ከሁሉም በላይ ረሃቡ እንዳይነገር መደበቁ ነበር። ውሻው የቀረበው ለዓይን የሚታይ በመሆኑ ነው። ሕዝብ በሚራብበት ጊዜ ከብር ሳህን ማብላት የሰው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም በሰው ስም ይመዝገብ።

ውሻውን ከጌጥነትም ከክስም ነጻ የሚያወጣው ሙያ ነው፤ ዘዴውም ውድ አይደለም። ወደ ክሊኒክ ለሚመጣ እያንዳንዱ ትንሽ ውሻ አንድ ካርድ ይከፈትለት፤ ዘሩ፣ ዕድሜው፣ በግራም የተለካ ክብደቱ፣ ምግቡ፣ ክትባቱ፣ ጠባዩ ይጻፍበት። ስለ ሉሉ ሳህንና ስለ መኳንንቱ ጫማ ብዙ ተጽፏል፤ ከሚወራው ታሪክ ሁሉ የጎደለው ግን ይህ አንድ ካርድ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ዛሬ የሚሞላው ካርድ፣ ነገ በአዲስ አበባ ስለነበሩት ጥቃቅን ውሾች ለሚጽፍ ሰው ከብር ሳህኑ የተሻለ ምስክር ይሆናል።